ከሐዋሳ ሆኜ የመስማት ምርመራ መዝገቤን ከአሜሪካ እንዴት ላስመጣ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2004 በአሜሪካ ምድር ጦር በመድፈኛ ክፍል አገልግዬ በክብር ተሰናብቻለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ትውልድ ከተማዬ ሐዋሳ ተመልሼ እየኖርኩ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቼ ደክመዋል፤ ግራው ይብሳል። ባጃጅ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋ ከየት በኩል እንደመጣ አልለይም፤ የልጅ ልጄ ሲያናግረኝ ደግሞ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። እዚህ ያየኝ የአንገት በላይ ሐኪም የድሮ ኦዲዮግራሜን፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ግራፌን፣ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ድረ ገጽ ያወረድኩትን ከ200 ገጽ በላይ ሰነድ ባሳየው፣ «ጽሑፉ አለ፣ ግራፉ ግን የለም» አለኝ። ግራፉ የት ነው ያለው? ማንን ልጠይቅ? ቨርጂኒያ ያለችው ልጄስ በእኔ ፈንታ ልትቀበልልኝ ትችላለች?
ተ. መ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐኪምዎ የጠየቁት ተገቢ ነገር ነው፤ ያወረዱት ሰነድም ጉድለት ኖሮበት አይደለም። የቪኤ የመስማት ባለሙያ ምርመራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር መዝግቦ ያስቀምጣል። አንደኛው በጽሑፍ የሚሰፍረው የዕለቱ ማስታወሻ ነው፤ ምን እንዳማረርዎ፣ ጆሮዎ ውስጥ ምን እንደታየ፣ የመስማት አቅምዎ በጥቅሉ በምን ደረጃ ላይ እንደሆነ ይገልጻል። ሁለተኛው የምርመራው ቁጥሮችና ግራፉ ሲሆን፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያዎቹ ብቻ በሚከፍቱት የተለየ የኮምፒውተር መመልከቻ ውስጥ ይቀመጣል። ብሉ በተን በሚባለው፣ ታካሚው መዝገቡን ከድረ ገጹ በሚያወርድበት አገልግሎት በኩል ለታካሚው የሚደርሰው በዋናነት የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ «የሕክምና መዝገቤን ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ እንደገና ያንኑ 200 ገጽ ሊያመጣብዎ ይችላል። ኦዲዮግራሙን በስሙ ጠርተው መጠየቅ አለብዎት።

ሐኪምዎ ለግራፉ ይህን ያህል ቦታ የሰጡበትን ምክንያት ባስረዳ፣ እርስዎም ወረቀቱ ሲደርስዎ አገላብጠው ለማየት ይረዳዎታል። ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ያሉትን ድምፆች፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ ይደረድራል፤ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ድምፁ እንዲሰማዎ ምን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከፍ ማለት እንዳስፈለገው ያሳያል። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ የኤክስ ምልክት ይታያል፤ ምልክቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። መድፍና ጠመንጃ የጎዳው ጆሮ በአመዛኙ በወፍራሞቹ ድምፆች ላይ ደህና ሆኖ ቆይቶ፣ 4000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ወደ ታች ይሰምጥና 8000 ላይ መልሶ በመጠኑ ከፍ ይላል። እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች የሚገኙት በዚያ በሰመጠው የግራፉ ክፍል አካባቢ ነው። የልጅ ልጅዎ ድምፅ እየደረሰዎ ቃሉ የሚያመልጥዎ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የግራ ጆሮዎ ብሶ መገኘትም ለሐኪሙ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። በቀኝ ትከሻው ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ የቀረበ በመሆኑ፣ የግራው ከቀኙ ይልቅ መጎዳቱ በወታደሮች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል የሚታይ ልዩነት አልፎ አልፎ በመስማት ነርቭ ላይ ከሚበቅል እብጠት ሊመጣ ስለሚችል፣ ልዩነቱ ድሮም የነበረ ነው ወይስ በቅርቡ የመጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ያንን ሊመልስ የሚችለው ቀኑ የተጻፈበት የቀድሞ ኦዲዮግራም ነው።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ። የጆሮዎ መዝገብ በአንድ ቦታ ተጠቃልሎ አይገኝም። የመስሚያ መሣሪያ ለመስጠት የተደረገልዎ ምርመራ በታከሙበት የቪኤ ሆስፒታል ነው ያለው። ይህን የሚጠይቁት በሆስፒታሉ የመረጃ መስጫ ክፍል ሲሆን፣ የሚሞላው ቅጽ 10-5345ኤ ነው፤ ይህ ቅጽ ታካሚው የራሱን መረጃ ለራሱ የሚጠይቅበት ነው። ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን የመጨረሻ 4 አኃዞችና የሆስፒታሉን ስም ከሞሉ በኋላ፣ የሚፈልጉትን ሰነድ በሚገልጹበት ቦታ ላይ ሳያሳጥሩ ይጻፉ፦ የሁሉም ዓመታት ፒውር ቶን ኦዲዮግራም (በነጠላ ድምፆች የተለካው ግራፍ)፣ የአየርና የአጥንት ልኬቶቹ (በጆሮ ቀዳዳና በአጥንት በኩል የተለኩት) ከነቁጥራቸው፣ የስፒች ሪኮግኒሽን (ቃላት የመለየት ፈተና) ውጤት፣ ቲምፓኖግራም (የጆሮ ታምቡር እንቅስቃሴ ምርመራ)፣ እንዲሁም የመስሚያ መሣሪያዎ የተስተካከለበት መረጃ። ቅጹን ፈርመውና ቀን ጽፈው በፖስታ ወይም በፋክስ መላክ ይቻላል። ሎጊን ዶት ገቭ ወይም አይዲ ዶት ሚ በሚባሉት የመግቢያ አካውንቶች ወደ ቪኤ ድረ ገጽ መግባት የሚችሉ ከሆነ ደግሞ፣ ለመስማት ክፍሉ ቀጥታ መልእክት ጽፈው ግራፉን እንዲልኩልዎ መጠየቅ ከሁሉ የፈጠነ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ብሆን ሁለቱንም ጎን ለጎን እሞክር ነበር።

ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መረጃ ሕግ ጥያቄው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ መዘግየት ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጾ አንድ ጊዜ ብቻ በሌላ 30 ቀን ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ የላኩበትን ቀን መዝግበው፣ የፋክሱን ማረጋገጫ ወይም የፖስታውን ደረሰኝ ያስቀምጡ።

የጉዳት ካሣ ለመጠየቅ አመልክተው ከነበረ ለዚያ ጉዳይ የተደረገልዎ ምርመራ የተለየ መዝገብ ነው። ቪኤ ይህን ምርመራ ብዙ ጊዜ ውል በገቡ የግል መርማሪዎች ያስደርጋል፤ በእነርሱ የተሠራው ወረቀት ከሆስፒታሉ ይልቅ ከካሣ ማኅደርዎ ጋር ይያያዛል። የሆስፒታሉ ሠራተኛ «የለንም» ቢልዎ እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ። ማኅደሩን የሚጠይቁት በቅጽ 20-10206 ሲሆን፣ የሚላከውም ዊስኮንሲን ውስጥ ጄንስቪል ወደሚገኘው የማስረጃ መቀበያ ማእከል ነው። ይህኛው ወራት ሊወስድ ይችላል። ሐኪምዎ ሲያነቡት ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገርም አለ፤ በካሣ ምርመራ ላይ የሚሰጠው የቃላት ፈተና ሜሪላንድ ሲኤንሲ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው በዚያ ፈተና ያገኘው ነጥብ የጆሮውን ብቻ ሳይሆን የቋንቋውንም ጉዳይ ሊያንጸባርቅ ስለሚችል፣ እዚህ በአማርኛ ከሚደረግ ፈተና ጋር እንደ እኩያ ባይነጻጸር መልካም ነው። የኸርዝና የዴሲቤሉ ቁጥር ግን ቋንቋ የለውም።

በውትድርና ዘመንዎ የተደረጉት ምርመራዎችም ይቀራሉ። የአሜሪካ ጦር ለከባድ ድምፅ የሚጋለጡ ወታደሮቹን የመስማት አቅም መጀመሪያ በዲዲ 2215 ቅጽ እንደ መነሻ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ክትትል ደግሞ በዲዲ 2216 ይይዛል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ፍለጋ ወደ ሴንት ሉዊሱ ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማእከል ይጽፋሉ። ነገር ግን ከጥቅምት 16 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች የሕክምና መዝገብ የሚተላለፈው ለቪኤ ስለሆነ፣ እርስዎ በ20-10206 ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገቤና የዲዲ 2215 እና 2216 ቅጾች» ብለው መጨመር ይኖርብዎታል። ለዚህ ክፍል ረዘም ያለ ቦታ የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ በሀገራችን ጦር የሞርታር ተኳሽ ነበር፤ በስተርጅናው ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና ሲያዳምጥ አስታውሰዋለሁ፤ ጆሮው ከጦርነቱ በፊት እንዴት እንደነበረ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረንም። የእርስዎ ወረቀት ግን አለ፤ ስለዚህ ይጠይቁት።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ልትቀበልልዎ ትችላለች፤ ቅጹ ግን ይለያል። መረጃዎ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ የሚፈቅዱበት ያለ «ኤ» የሆነው 10-5345 ነው። በእርሱ ላይ የልጅዎን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የሚሰጣትን ሰነድ ዓይነትና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ፈራሚው ግን እርስዎ ነዎት። በዚሁ ቅጽ ሰነዱ በቀጥታ ለሐዋሳው ሐኪምዎ እንዲላክ መፍቀድም ይቻላል። በሀገራችን ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ የራስዎ ሣጥን ከሌለዎት ወረቀቱ ቨርጂኒያ ደርሶ ልጅዎ ስካን አድርጋ ብትልክልዎ ይሻላል። ቅጾቹን ፒያሳ ወይም ሌላ ቦታ ባለ ኢንተርኔት ቤት የሚያሳትሙ ከሆነ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ የሰፈረበት ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ እንዳይቀር ራስዎ ቆመው ያስጠፉ። ቅጾቹ በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ «እኔ ላስጨርስልዎ» ለሚል ሰው የሚከፈል ገንዘብ የለም።

የመስማት ጉዳትዎ በአገልግሎት ምክንያት የመጣ መሆኑን ቪኤ አስቀድሞ ከወሰነልዎ፣ ለዚያው ጉዳት በውጭ ሀገር የሚያወጡትን የሕክምና ወጪ የውጭ ሕክምና ፕሮግራም የተባለው ክፍል ሊሸፍን ይችላል። ምዝገባው በ10-7959ኤፍ-1 ቅጽ ነው፤ የክፍያ ጥያቄው ሕክምናው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ እስካሁን ለሐኪሙ የከፈሉበትን ደረሰኝ አይጣሉ።

የድሮው ኦዲዮግራም እስኪመጣ አዲሱን ምርመራ አያዘግዩ። የመስሚያ መሣሪያ የሚስተካከለው ዛሬ ባለው የጆሮ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የድሮው ለማነጻጸሪያ ይመጣል። ከሁሉ በላይ፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አንዱ ጆሮዎ በድንገት ቢዘጋብዎ የምንም ወረቀት መምጣት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው።