ቤዝመንቱ ባዶ፣ መኪናው መንገድ ላይ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 9 ፎቅ አፓርትመንት ነው የምንኖረው። ቤዝመንቱ 40 መኪና ይይዛል ተብሎ ነበር። ግማሹ ባዶውን ያድራል፤ መኪኖቻችን ግን በር ላይ ተደርድረዋል። ኮሚቴው ለመጋዘን እናከራየው እያለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጋዘኑን ይተዉት። ካርቶን፣ ስፖንጅና ቀለም ታጭቆበት እሳት ቢነሳ ጭሱ በደረጃው ወደ ቤታችሁ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ይቆጠር። ለአንድ ሳምንት ጥበቃው ቀን 5 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ባዶዎቹን ቦታዎች በቁጥራቸው ይመዝግብ። ቀን ብቻ ባዶ የሚሆኑትን ለአካባቢው ቢሮ ሠራተኞች እስከ 11 ሰዓት ማከራየት ይቻላል። ሌሊትም ባዶ የሚያድሩት ግን ምክንያት አላቸው።

እዚያ ቦታ ላይ ይቁሙና ቀና ይበሉ። ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ላይ ነጭ መስመር አለ? ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል? ምክንያቱን አገኙት። ውሃው ኮንክሪቱን አልፎ ሲወርድ ኖራ ይዞ ነው የሚመጣው። መኪና ላይ ከደረቀ ቀለሙን ይበላል፤ በጨርቅ ቢፈትጉት አይለቅም። አንዴ የደረሰበት ሰው ደግሞ አይመለስም። አንድ ሕንጻ ላይ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ከሥር አስለስኖ ገንዘቡን በከንቱ አባከነ። ውሃው ይመጣ የነበረው ከላይ ካለው የአበባ መደብ ነበር። ከሥር መለሰን ዋጋ የለውም፤ የላዩ ንጣፍ ተነስቶ የውሃ መከላከያው መታደስ አለበት። ገንዘብ እስኪገኝ ጠብታው ሥር የቆርቆሮ አሸንዳ ሰቅላችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ኮለን (ምሰሶ) ነው። ሜትር ይዘው ይለኩ። ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ 2.5 የተባለው ላይ ኮለኑ 40 ሳንቲም ከወሰደበት በር አይከፈትም። እንዲህ ያሉትን ሦስት ቦታዎች ሁለት አድርጋችሁ አስምሩ፣ ትርፏን ለሞተር ስጡ።

ቦታው በካርታ ለየቤቱ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ መኪና የሌለው ጎረቤት በጽሑፍ ውል ለሌላው በወር ያከራይ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው በዝተዋል። ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ቦታ ባዶ አያድርም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኤክስቴንሽን በመስኮት ማውረድ ግን ክልክል ይሁን። ለያንዳንዱ ቦታ ከባለቤቱ ቆጣሪ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የምድር ሽቦና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ። ትልቅ ቻርጀር አያስፈልግም። 10 አምፔር ብቻ ቢስብ ሌሊቱን በ10 ሰዓት ውስጥ ወደ 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል፤ ከተማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከአምስት ስድስት በላይ ከሆናችሁ ግን የሕንጻው ዋና መስመር መቻሉን ኤሌክትሪሻን አስቀድሞ ያስላ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክረምት ሳይገባ የቤዝመንቱ ውሃ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ባልዲ ውሃ አፍሱና ፓምፑ በራሱ መነሳቱን እዩ።