መፍቻ ያለው የጎልፍ ዱላ ይረዳል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ጎልፍ ጀማሪ ነኝ። በድራይቨር (ኳሷን ሩቅ ለመላክ በሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ) ስመታ ኳሷ ሁሌ ወደ ቀኝ ትሸሽብኛለች። ጓደኛዬ «በመፍቻ የሚስተካከል ግዛና ተገላገል» ይለኛል። እውነት ነው ወይስ የገበያ ወሬ?

መልስ፦ ይረዳል፣ ግን ጓደኛህ የሚልህን ያህል አይደለም። የጎልፍ ዕቃ አምራቹ ቴይለርሜድ እ.ኤ.አ. በ2004 አራት ተንቀሳቃሽ ክብደት ያለውን አር7 የተባለ ድራይቨር ካወጣ ወዲህ ነገሩ ፋሽን ሆኗል። ቀኝ እጅ ከሆንክ ክብደቱን ዘንጉ ወደተሰካበት በኩል አምጣው፤ የዱላው ፊት (ኳሷን የሚነካው ገጽ) ቶሎ ይዘጋልሃል፣ ማለትም ወደ ግራ ይዞራል፣ የኳሷም ሽሽት ይቀንሳል። ይቀንሳል ነው ያልኩት። ዱላውን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ራስህ በኩል፣ እየቆረጥክ የምትመታ ከሆነ ምንም መፍቻ አያድንህም።

ብዙ ሻጭ የማይነግርህ ነገር ደግሞ አለ። ዘንጉን አዙረህ ሎፍቱን (የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚያጋድልበትን ማዕዘን) ስትጨምር ፊቱም አብሮ ትንሽ ወደ ግራ ይዞራል፣ ስትቀንስ ደግሞ ይከፈታል፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ «ሩቅ እንዲሄድልኝ» ብለህ ሎፍት ብትቀንስ ያው ችግርህ ይብስብሃል።

ስታስር መፍቻው ቀጭ እስኪል አጥብቀው። ውድድር ላይ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ግን እንዳትነካው፤ ቀይረህ በዚያው ከመታህ ከውድድሩ ትሰረዛለህ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አሰልጣኝ ጋ እሄድና በተረፈው ብር ያገለገለ የሚስተካከል ድራይቨር እፈልጋለሁ።