ሳይሞት የወጣ ተዝካር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድኔ ከሰባት ጨዋታ አምስቱን ተሸነፈ፤ አበቃለት በቃ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን የ2010 (እ.ኤ.አ.) ኖቬምበር ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋ።

ያኔ አሜሪካ ውስጥ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የኤንቢኤን፣ የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ቁጥር እተነትን ነበር። ሦስቱ ኮከቦች ሌብሮን፣ ዌድና ቦሽ ማያሚ ላይ የተገናኙበት ዓመት ነው። በዳላስ 106 ለ95 ተሸንፈው ከ17 ጨዋታ ያሸነፉት 9 ብቻ ሲሆን፣ ተዝካራቸውን የሚያወጣ ሪፖርት ጻፍኩ። ለልምምድ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፣ ሸሚዙ ሁሌ ከሱሪው የወጣ። የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሲያሸንፉ እኮ ኦርላንዶን 96 ለ70፣ ሚኔሶታን 129 ለ97 ነው። በዩታና በሜምፊስ የተሸነፉት ደግሞ በሁለት በሁለት ነጥብ ነው» አለኝ። ኔት ሬቲንጉን በእጁ ሠርቶታል፤ በ100 የማጥቃት ዕድል ያስቆጠሩት ሲቀነስ የተቆጠረባቸው። የማጥቃት ዕድሉን ራሱ የተወረወረውን፣ ሳይወረውሩ ያጡትን ኳስና የቅጣት ውርወራውን 0.44 እጅ ደምሮ፣ በማጥቃት የያዙትን ሪባውንድ (ስተው መልሰው የያዙትን ኳስ) ቀንሶ ነው ያገኘው። የቡና ስኒዬን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩና «ልጄ፣ ወረቀት ኳስ አይጫወትም» አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ወረቀቱን ሳያነሳ ሄደ።

ማያሚ 58 አሸንፎ ፍጻሜ ደረሰ። ዳላስ እዚያ 4 ለ2 ሲረታው ደግሞ «አላልኩም?» ብዬ ተጽናናሁ! እስካሁን የማፍረው በዚህ ነው። ልጁ ቀድሞ ለቆ ነበር። ልክ ነበርክ ሳልለው ቀረሁ።

የሚቆጨኝ ልነግረው የምችለው ነገር ስለነበረ ነው። ሚኔሶታ ያን ዓመት 17 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ደካማ ቡድን ነው፤ የ32 ነጥቡን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ማመን አይገባም። ይህን ብለው ኖሮ ቁጭ ብለን አብረን እንሠራው ነበር።

የዛሬ ልጆች ቁጥሩን ከስልክ ነው የምትቀዱት፣ እንዴት እንደተሠራ ግን ግድ የላችሁም። በሁለት ሳምንት የሦስት ነጥብ ውርወራ ግማሹን ያስገባ ሁሉ አዲስ ከሪ፣ ያ የሦስት ነጥብ ንጉሥ፣ ይባላል። ከ40 ሙከራ አራት ኳስ ጠርዝ ነክቶ ቢወጣ 50 ከመቶው 40 ይሆናል እኮ። 17 ጨዋታም ጥቂት ነው። የልጁ ቁጥር ግን ልክ ነበር፤ እንደሚጋጭ አውቃለሁ፣ ብቻ በሁለት ነጥብ መሸነፍ በአንድ ኳስ ይገለበጣል፣ የኦርላንዶው የ26 ነጥብ ልዩነት ግን አይገለበጥም።

ለእህቴ ልጅ «ሰባቱንም ከነማን ጋር፣ የት፣ በስንት እንደሆነ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ» አልኩት። እስካሁን አልላከም።