የድምፅ እንጀራ፦ የጅማ ልጆች ጠየቁኝ

ሰሞኑን ቤተሰብ ልጠይቅ ጅማ ሄጄ ነበር። ፈረንጅ አራዳ ጀበና ቡና እየጠጣሁ የሰፈር ልጆች ከበቡኝ። ሁሉም በአንዴ ሲጠይቁኝ ጊዜ «በወረቀት ጻፉልኝ» አልኳቸው። ወረቀቱ በዛ። እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ።

ጋሼ፣ ሥራዎ በትክክል ምንድነው? አንዴ ፊልም፣ አንዴ ማስታወቂያ ላይ እንሰማዎታለን።

መጀመሪያ «እርስዎ»ን ተዉልኝ፣ ገና አርባ አልሞላሁም። ሥራዬ የተገኘው ሁሉ ነው። ባለፈው ወር ፊልም ላይ ሁለት ቀን የታክሲ ሾፌር ሆንኩ። የሳሙና ማስታወቂያ አነበብኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» አልኩ። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ላይ መድረክ መራሁ። አትሳቁ፣ የቤት ኪራዩን የከፈለው ሠርጉ ነው።

ትርጉም ድራማ እንዴት ነው የሚሠራው? አብራችሁ ነው የምትቀዱት?

እኔ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ጠባብ ክፍል፣ ማይክ፣ ሄድፎን፣ ከፊቴ ስክሪን። «እወድሻለሁ» የምላት ሴት ድምፅ ማክሰኞ ተቀድቶ፣ የኔ ሐሙስ ሊቀዳ ይችላል። ሰውየው አፉን ሲከፍት እከፍታለሁ፣ ሲዘጋ እዘጋለሁ። ሲሮጥ እኔ ቆሜ አለከልካለሁ። እየበላ ካወራ እጄን አፌ ላይ አድርጌ አወራለሁ።

ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «የአገር ውስጥ ሥራ ይገድላል» ብለው ተቃውመው ነበር። ስጋታቸውን አልንቅም። ግን የድምፅ ሥራ እንደዚያ በብዛት የተፈለገበት ጊዜ አላስታውስም።

አንድ የምወዳት ነገር አለች። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ንዴቱም ቃሉም ብዙ ጊዜ አብረው ይወድቃሉ። እንግሊዝኛ ላይ ግን ጉድ ነው። ሰውየው «እኔ ያንን ሰው አልገደልኩትም» ሲል ክህደቱ የሚመጣው ገና ከመነሻው ነው፤ ዓይኑም እዚያው ላይ ይፈጣል። የኛ «አል» ግን ግሱ ላይ ተለጥፋ መጨረሻ ላይ ትጠብቃለች። ያኔ ተርጓሚው መጀመሪያ ላይ አንድ «ኧረ በጭራሽ!» ጣል ያደርግልኛል። ሻይ የምጋብዘው ለዚህ ነው።

እኔ እንተባተባለሁ። ተስፋ አለኝ?

ይቺን ወረቀት ኪሴ ከትቼያታለሁ። ጄምስ ኧርል ጆንስ የሚባለው አሜሪካዊ ተዋናይ ልጅ ሳለ ከመንተባተቡ የተነሳ ለዓመታት እንደ ዲዳ ኖሯል። በኋላ ግን የ«ስታር ዋርስ» ጥቁር ጭምብል ለባሽ የዳርዝ ቬደር ድምፅ የሆነው እሱ ነው። ልብሱን ለብሶ የሚንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ነበር፣ ዴቪድ ፕራውስ። ጆንስ በመጀመሪያው ፊልም ላይ «ስሜ አይጻፍ» ብሎ ነበር። ቲያትሩንም፣ ፊልሙንም፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማስተዋወቂያውንም ሠርቶ በ2024 እ.ኤ.አ. በ93 ዓመቱ አረፈ። አንተም ጮክ ብለህ አንብብ፣ በየቀኑ።

ከኛ አገርስ ማን?

ወጋየሁ ንጋቱ፣ ሌላ ምን አለ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ቅጂውን ፈልጋችሁ ስሙ። ብቻውን አገር ምድሩን ያናግራል።

ስክሪፕት ስታነብ ምን ያስቸግርሃል?

መጥበቅና መላላት። ፊደላችን አያሳይም። ስለ አንበሳ የሚተርክ ፊልም ላይ «ይበላል» የሚል ነበረ። አጥብቄ አነበብኩት። ለካ አንበሳውን አስበልቼዋለሁ! የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ ሳቁ አላስቆም አለው። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ አነባለሁ፣ የሚጠብቀው ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። «ጰ» እና «ጨ» ደግሞ ማይኩን በጥፊ ይሉታል። አፍህን ትንሽ ወደ ጎን አዙር።

አንተስ ተበልተህ ታውቃለህ?

ይቺ ጠያቂ ነገር ታውቃለች። አዎ። የአንድ ድራማ 14 ክፍል ቀድቼ «ስፖንሰሩ ሲከፍለን» ተባልኩ። ድራማው ተላልፎ አለቀ፣ የሰውየው ስልክም አብሮ ተዘጋ። አሁን ግማሹን ቀብድ ካልያዝኩ ስቱዲዮ አልገባም። በደቂቃ ነው፣ በክፍል ነው፣ በቀን? አስቀድማችሁ አስጽፉ። ስንት ጊዜ በነፃ እንደምታርሙም ጭምር።

የጅማ ልጅ መሆን አይጎዳም? ቅላጼው?

ጠቅሞኛል። አፋን ኦሮሞም ስለምችል አንዱን ማስታወቂያ በሁለት ቋንቋ አነባለሁ፣ ሁለቴም ይከፈለኛል። ቅላጼውን ስፈልግ አወጣዋለሁ፣ ሳልፈልግ አስቀምጠዋለሁ።

ከመቅዳትህ በፊት ቡና ትጠጣለህ?

የጅማ ልጅ ሆኜ ይሄን ስናገር አፈርኩ፤ አልጠጣም። አፌን ያደርቀዋል፣ ማይኩ ደግሞ የምላስ ጠቅታ ሳይቀር ይሰማል። ለብ ያለ ውሃ ነው። ቡናው ስጨርስ።

ስቱዲዮ የለንም። በምን እንጀምር?

በስልክና በጋቢ። ልብስ የተሰቀለበት ክፍል ፈልጉ፣ ጋቢውን ከነስልኩ ራሳችሁ ላይ ጣሉት። የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጠዋል። ያላባችሁ እንደሆነ በትክክል እየሠራችሁ ነው። ትልቁ ጠላታችሁ ቆርቆሮው ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሲጀምር የትኛውም ጋቢ አያድንም። ስለዚህ ክረምቱን በጠዋት ተነሱና ቅዱ፣ ከሰዓት ስክሪፕቱን አጥኑ። እኔም ይሄን እየጻፍኩ ጣሪያው ጀምሮልኛል፤ ለነገ ያለኝን ማስታወቂያ ጎህ ሲቀድ ልቀዳው ነው።