ሰሜን ተራሮች ላይ ቡና ማፍላት፦ ጀበናው ይውጣ፣ ሙቀጫው ይቅር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ከሳንቃ በር ተነስታችሁ በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ አራት ቀን በእግር ልትሄዱ ነው። ጀበና ይዛችሁ ብትወጡ ይሻላል ወይስ በጥብጠው የሚጠጡት የፓኬት ቡና ይበቃል ብለሻል። «ከፍታው ላይ ውሃ በደንብ ስለማይፈላ ቡናው አይወጣለትም» የሚባለውም እውነት ይሁን አይሁን ጠይቀሻል። ያን መንገድ ደጋግሜ ስለሄድኩበት፣ ያለ ቡና ደግሞ ጠዋት ሰው ስለማያናግረኝ፣ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ረዘም ይላል።

ከከፍታው ልጀምር። ወሬው እውነት አለው፤ የሚያስፈራውን ያህል ግን አይደለም። ከፍታ 300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ራሱ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስናወድሰው የኖርነው የቤታችን ቡና ሁሉ 100 ዲግሪ አይቶ አያውቅም። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ እዚያ ውሃው 88 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ልዩነቱ አራት ዲግሪ ነው። ምስር ለሚቀቅል ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፣ ምስሩ አልበስል ብሎ ያስመሻል። ቡና ግን ደቀቅ ተደርጎ ከተፈጨና ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጨምሮ ከተንተከተከ ልዩነቱ አይታወቅም።

ቡናውን የሚገድለው ነፋስና ችኮላ ነው። ካምፕ የምትደርሱት ከሰዓት በኋላ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብርዱ ሳይታሰብ ዱብ ይላል። የምድጃው ነበልባል ወደ ጎን ይተኛል፣ ውሃው ከታች እየሞቀ ከላይ ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም «አልደረሰም ወይ?» ማለት ይጀምራል። ከዚያ በቅጡ ሳይፈላ ቡና ይጨመርበትና አተላው ሳይወርድ ይቀዳል። ለብ ያለ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር ትጠጡና ከፍታውን ትረግማላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከለላ ፈልጉ። የማብሰያ ጎጆው ቦታ ካለው እዚያ ግቡ፤ ከሌለ በድንጋይ ወይም በሻንጣ ከሦስት በኩል ጋርዱ። አራቱንም በኩል ግጥም አድርጎ መክበብ ግን አይደረግም፤ በተለይ የጋዝ ጣሳው ከበርነሩ ሥር የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ጣሳው ይግልና ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደ ጀበናው። ይዛችሁ ውጡ ነው የምለው፤ ለፎቶ ብዬ ግን አይደለም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም፣ ሆዱ ሰፋ ስለሚል አተላው ሥር ተረጋግቶ ይቀመጣል። ነፋስ ለበዛበት ቦታ ከሱ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። ጓዛችሁን በቅሎ ስለሚሸከመው ክብደቱ አያሳስባችሁ። የሸክላው ግን እዚህ አያዋጣም። መሰበሩ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን የካምፕ ምድጃ እሳት አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩር፣ ከሰል ላይ የኖረ ሸክላ ስንጥቅ አውጥቶ ማፍሰስ ይጀምራል። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን የብረት ጀበና ግዙ። ብረት ብረት ይላል የሚሉ አሉ፤ አዲስ ሲሆን ልክ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የዋለ አተላ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልታችሁበት ብትደፉት ይተዋል። ውታፉን አትርሱ። ማቶት መሸከም ግን ቅንጦት ነው፤ ሻርፕ ወይም ወፍራም ካልሲ ጠቅልላችሁ ክብ ብታደርጉት ጀበናውን አዘንብሎ ይይዝላችኋል።

ጓዛችሁን ራሳችሁ የምትሸከሙ ቢሆን ምክሬ ሌላ ነበር፦ ክዳን ያለው ትንሽ ድስት፣ አለቀ። ሞካ የሚባለው የጣሊያኑ ቡና ማፍያ ለሁለት ሰው ግሩም ነው፤ ለስድስት ሰው ግን አንዱ ሲቀዳ ሌላው እየጠበቀ ይመሻል።

ስድስት ሰው ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። እናንተ ሦስት ናችሁ፣ መሣሪያ ይዞ የሚሄደው ስካውት አለ፣ የበቅሎ ነጂ አለ፣ አስጎብኚ ወይም ምግብ አብሳይም አይጠፋም። ቡና አፍልታችሁ ለብቻችሁ እንደማትጠጡ እናንተም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ሒሳቡን ለራሱ ብቻ ይሠራና በሁለተኛው ቀን ቡናው ያልቅበታል። ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ገደማ ያዙ፤ ለስድስት ሰው አንዴ ለማፍላት 50 ግራም ያህል ማለት ነው። ቶናውና በረካው ከዚያው ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሚወጣ አዲስ ቡና አይፈልግም። በቀን ሁለቴ ብታፈሉ ለአራት ቀን 400 ግራም፤ እንግዳ አይጠፋምና ግማሽ ኪሎ የተቆላ ያዙ። ጥሬው ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ 600 ግራም ጥሬ ያስፈልጋል። ትንሽ ጨውም አስቀምጡ፤ ባላገሩ ቡናውን በጨው የሚወድ ከሆነ ስኳር ብቻ ማቅረብ ደስ አይልም።

ቡናውን ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ቤት ቁሉት። ካምፕ ላይ መቁላት ጭሱ ደስ ይላል፣ ግን ነዳጅ ይጨርሳል፣ ነፋሱም አንዱን ፍሬ አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ይተወዋል። ደግሞ ዛሬ የተቆላ ቡና ውስጡ ጋዝ ስላለ ይገነፍልባችኋል። ጠቆር አድርጋችሁ ቁሉት፤ ጠቆር ያለ ቡና ሙቀቱ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥም ቶሎ ይወጣለታል። የይርጋጨፌ ቡና እወዳለሁ፣ ግን ያ የአበባ ሽታው ሲንተከተክ ስለሚጠፋ ለተራራ አላወጣውም፤ ሐረር ወይም ወለጋ ይሻለኛል። በባሕር ዳር በኩል በመኪና የምታልፉ ከሆነ የዘጌን ቡና ግዙና ሞክሩት። አየር አውጥታችሁ በደንብ እሰሩት፤ አዲስ አበባ የታሸገ ነገር ሁሉ ግጭ ሲደርስ ተነፍቶ ይወጠራል፣ ክዳኑ ላላ ያለ ቆርቆሮም በራሱ ጊዜ ይከፈታል።

ሙቀጫና ዘነዘና ይቅር። ትንሽ የእጅ መፍጫ ይበቃል። ለስድስት ሰው መፍጨት እጅ ያደክማል፣ ግን ጀምሩት እንጂ ከሁለት ደቂቃ በላይ እጃችሁ ላይ አይቆይም፤ አንዱ መጥቶ ይቀበላችኋል፣ ጨዋታውም የሚጀመረው ያኔ ነው። መፍጫ ከሌላችሁ ቤት አስፈጭታችሁ ለየአንዱ ማፍያ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍላችሁ እሰሩት፤ ሙሉውን ከረጢት በየጊዜው እየከፈቱ ማናፈስ ሽታውን ይጨርሰዋል።

ውሃው። ማታ ለመጠጥ ብላችሁ ውሃ አጋር የጨመራችሁበትን ውሃ ለቡና አታድርጉት፤ የክሎሪኑ ጠረን ሲሞቅ ይብሳል። ለቡና ከምንጩ የመጣውን ቅዱና አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ሦስት ደቂቃ ሲንተከተክ ጀርሙ ይሞታል፤ ጀበናው ደግሞ ከዚያ በላይ ይንተከተካል።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ውሃው በትክክል እስኪንፈቀፈቅ ጠብቁ፤ በእንፋሎቱ አትታለሉ፣ በብርድ ጊዜ ለብ ያለ ውሃም ይጨሳል። ጀበናውን ከእሳቱ አንሱና ቡናውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ጨምሩ። መልሳችሁ ጣዱት። አረፋው አንገቱ ላይ ሲደርስ አንሱ፣ ሲወርድ መልሱ፣ እንደገና። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ ቤት ከለመዳችሁት ትንሽ ይረዝማል። አውርዱና በጋቢ ጫፍ ጠቅልላችሁ አዘንብላችሁ አስቀምጡት። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ ጠብ ብታደርጉበት አተላው ቶሎ ይወርዳል። ይህን ጊዜ ሲኒዎቹን ሙቅ ውሃ አፍስሱባቸው፤ 5 ዲግሪ ብርድ ላይ ያደረ ሲኒ ቡናውን ገና ሳትቀምሱት ያቀዘቅዘዋል። ስትቀዱ ጀበናውን ቀና አታድርጉት፣ በዚያው ዘንበል እንዳለ ቀጭን አድርጋችሁ ቅዱ።

የፓኬት ቡናን አልንቅም። ከጨነቅ በላይ ወዳለው ቧሂት ተራራ በምትወጡበት ንጋት ጀበና የሚጥድ የለም። እኔ ግን ለዚያ ቀን ፔርሙስ ይሻለኛል። ማታ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት አፍሉት፣ አተላው በደንብ ይውረድ፣ ጥሩው ብቻ ፔርሙስ ውስጥ ይግባ። አተላ ከገባ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየወጣለት ይቆይና ይመራል። ፓኬቱ ፔርሙሱ ሲያልቅ ወይም ሲፈስ ነው።

ስለ ነዳጅ። እንጨት አትቁረጡ፤ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ደግሞ እንደዚህ ቶሎ አይበቅልም። የጋዝ ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይገባም፣ ነጭ ጋዝም እንዲሁ። በአየር ጎንደር የምትወርዱ ከሆነ ነጭ ጋዙን እዚያው ወይም ደባርቅ ግዙ። የጋዝ ጣሳ ከሆነም ውስጡ ቡቴን ብቻ ያለበት ሌሊት ውርጭ ሲሆን አይነሳም፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ጋዝነት አይቀየርም። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልጉ፣ ጣሳውንም ሌሊት መኝታ ቦርሳ ውስጥ አሳድሩት።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ፦ ዝናብ ቢሆን፣ ብርዱ አጥንት ቢሰብር፣ ከሰልም ሆነ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል።

ቡና የለመደ ሰው «ከፍታ ላይ ቡና አይጠጣም» ተብሎ በድንገት ቢያቆም በማግስቱ ራሱን ያመዋል፤ ከዚያ ያ ሕመም የከፍታው ይሁን የሱሱ መለየት ያስቸግራል። የለመዳችሁትን ያህል ጠጡ፣ ውሃም ጠጡ። የማታዋን ግን ቀደም አድርጉ፤ እንደደረሳችሁ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ። ግጭ ላይ እንቅልፍ እንደሆነ በደህናውም አይመጣም፣ በእኩለ ሌሊት ሽንት ይዟችሁ ከድንኳን መውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ድሮ ግጭ ስትደርሱ መንደሩ ውስጥ የሚጠራችሁ ቤት አይጠፋም ነበር። ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ያ የለም፤ ቡናችሁን ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ለዚህም ነው። አተላውን ጨነቅ ላይ ከድንኳኑ አጠገብ አትድፉት፤ ቁራዎቹ ደፋር ናቸው፣ አተላ ያዩበት ቦታ ዳቦ ፍለጋ ተመልሰው ይመጣሉ። በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁት ውረዱ። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ።