ስለ ትራማዶል የጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ያለ ማዘዣ ትራማዶል የሚጠይቀኝ ወጣት ስለበዛ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። «ዶክተር» ላላችሁኝ፣ ፋርማሲስት ነኝ።

ጥያቄ፦ ሐሺሽ ነው ወይስ መድኃኒት?

መድኃኒት ነው። በላቦራቶሪ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ሲሆን ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ሱስም ያስይዛል። በዚያ ላይ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ይነካል። የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ሐኪማችሁ ሳያውቅ እንዳትነኩት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሦስት ውጦ ደህና ነው። እኔን አንዷ ብቻ ራሴን አዞረችኝ፣ አስመለሰችኝም። ለምን?

ይህን የጠየቅከው ልጅ ተባረክ። ጉበታችን ትራማዶልን ወደ ሌላ፣ በጣም ጠንካራ ነገር ይቀይረዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ የሚሆነው ከልክ በላይ በፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ይህን ሥራ የሚያፋጥን ተጨማሪ ዘረ መል 29 ከመቶ በሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ አግኝቷል። ከአውሮፓውያን ጋር ሲተያይ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ «እሱ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ላንተ አይሠራም። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ አይሰጥም፤ የምታጠባ እናትም ትጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ሾፌር ነኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ እቅምና ለምርቃና ማብረጃ እውጣለሁ። ከአረቄ አይሻልም?

አይሻልም ወንድሜ። ጫቱ ሲለቅህ የትራማዶሉ ድንዛዜ ገና አብሮህ ይቆያል። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ውስጥ እየነዳህ ማንቀላፋት ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ሰውየው ከወትሮው በተለየ እያንኮራፋ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ ከሄደ «ይተኛበት» አትበሉ። ቀስቅሱት፤ ካልነቃ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ልጄ ወድቆ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤቶች ክብሪት ጫሩበት። በኋላ ኪሱ ውስጥ የትራማዶል ባዶ እሽግ አገኘሁ።

እትዬ፣ አይዞዎት። ትራማዶል በተለይ ሲበዛ እንዲህ ይጥላል፤ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቀውንም ሰው ቢሆን። ከተደገመ በጎኑ ያስተኙት፣ አካባቢውን ከስለትና ከእሳት ያጽዱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፤ ክብሪቱም ቢያቃጥለው እንጂ አይረዳውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ መኪና ይጥሩ። አሁን ቢያቆምለትም ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ያድርሱት፣ ባዶውንም እሽግ ይያዙ። ጸበሉን አይተዉ፤ ሐኪሙ ግን ይቅደም። እባክዎ አይቆጡት፤ ከፈራ ስንት እንደዋጠ አይነግራችሁም።

ጥያቄ፦ ሐኪም ለወገቤ አዞልኛል። ልተወው?

አይ፣ እንደታዘዘልህ ውሰድ። መጠኑን በራስህ አትጨምር።

ጥያቄ፦ ለማቆም ስሞክር አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ እንቅልፍ የለም።

ደብረ ብርሃን ብርዳም ስለሆነች ብዙ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ሱሱ ሲለቅ ነው። ማዛጋትና ተቅማጥም አለው። ለረጅም ጊዜ ከወሰድክ በአንድ ጊዜ አትቁረጠው፤ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ይቀነስልህ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ለጥቂት ሳምንታት ቆይተህ ብታገረሽ፣ ድሮ የለመድከውን መጠን ሰውነትህ አይችለውም።