ሃይማኖት የግል ከሆነ በመሥሪያ ቤት ምን ድርሻ አለው?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ አስተናግዳለሁ። የክፍላችን ስብሰባ የሚከፈተው በጸሎት ነው፤ በአገልግሎት መስኮቱ መስታወት ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ በቅርቡ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሆን የመዋጮ ዝርዝር ከኃላፊያችን ተነሥቶ በየጠረጴዛው ዞረ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሆኖም ሙስሊም ባልደረባዬ ወረቀቱ ሲደርሳት ፊቷ ላይ ያየሁት ጭንቀት ከሐሳቤ አልወጣም። ያደግነው «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ሲባል እየሰማን ነው። ታዲያ ሃይማኖት ጭራሹን ከአደባባይ ወጥቶ በየቤታችን ቢቀር አይሻልም?

መልስ፦ ስለ ባልደረባዎ መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ያሰቡት መፍትሔ ግን ከሚያስፈልገው በላይ የሚሄድ ይመስለኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ በይፋ ወይም በግል እምነቱን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎዳናው በምእመናን መሞላቱ፣ በኢድ ቀንም ሰጋጁ አደባባይ መውጣቱ የዜጎች መብት እንጂ ማንም በቸርነት የሰጠው ፈቃድ አይደለም፤ ፖሊስም ለሁለቱም እኩል መንገድ እስከከፈተ ድረስ መንግሥት ወደ አንዱ አደላ አይባልም። ባልደረባዎ ሒጃቧን ለብሳ፣ እርስዎም ማተብዎን አስረው ሥራ መግባታችሁ እንዲሁ ነው።

አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንና መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይናገራል። ይህ ግዴታ የወንበሩ ነው። በመሳቢያዎ ያለው የጸሎት መጽሐፍ የእርስዎ ነው፤ የአገልግሎት መስኮቱ ግን የባለጉዳዩ ሁሉ ስለሆነ፣ ፋይሉን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቢሮው የየትኛው እምነት እንደሆነ እያየ እንዲቆም ማድረግ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ዝርዝሩ ነው። ስም፣ የብር መጠንና ፊርማ የሚሞላበት ያ ወረቀት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ከሚሰጠው ሰው እጅ ሲመጣ፣ አንዷ ባዶ ትታው ያለፈችው ቦታ ለቀጣዩ ሰው ሁሉ ይታያል፤ እምቢታዋም በኃላፊዋ ላይ እንዳመፀች ሊቆጠርባት ይችላል። በዚህ የሚጎዱት ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች ብቻ አይደሉም፤ ኪሱ የሳሳበት ኦርቶዶክሳዊም አፍሮ ይፈርማል። ሐዋርያው ጳውሎስ እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ እንጂ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ብሎ አስተምሯል፤ በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ዝርዝር ቤተ ክርስቲያኒቱንም አያስከብራትም።

«በዚህ ከተማ አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚልዎት አይጠፋም። ለዚህ የጣና ዳርቻ ታሪክ መልስ አለው። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጎርጎራ ላይ መቀመጫ በነበራቸው ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በዐዋጅ ሊያጸኑ ሲነሡ፣ የቤተ መንግሥቱ ክንድ ያረፈው በዚሁ ብዙኃን ሕዝብ ላይ ነበር፤ እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ደግሞ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ሥልጣን ከአንድ እምነት ጋር ሲጋባ ነገ በማን ላይ እንደሚዞር አብላጫው ወገን ራሱ ዋስትና የለውም።

ስለ ጸሎቱ ብዙ አልልም፤ የሚፈልጉ ሰዎች ከስብሰባው ሰዓት በፊት ተሰብስበው ቢጸልዩ ይበቃል። ሥዕሉን የለጠፈው ሰው በራሱ ጠረጴዛ አጠገብ እንዲያኖረው በትሕትና ይጠየቅ። መዋጮውን በተመለከተ ግን ኃላፊዎን ለብቻቸው አግኝተው፣ ገንዘቡን መሰብሰብ የሰበካ ጉባኤው ሥራ መሆኑን፣ ደረሰኝም የሚቆርጠው እርሱ መሆኑን ያስረዷቸው። ይህን ከባልደረባዎ ይልቅ እርስዎ ቢናገሩት ይቀላል፤ እምነትን ጠልቶ ነው የሚልዎት አይኖርምና። ካልሰሙዎት በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ፤ ባልደረባዎን ግን ሳያማክሩ ስሟን በማመልከቻው ውስጥ አያስገቡ።